የቦክሰር ፍሪሲዮን አለቅ ብሎኛል፣ ካቦው ነው ወይስ ሸራው?

ባለቦክሰር (ደሴ)፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ፣ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ነው የምነዳው ደሴ ኮምቦልቻ እመላለስበታለሁ፣ ሰሞኑን ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) ጨብጬ አንደኛ ሳስገባ ገጭ ብሎ ወደፊት ይዘላል፣ ፒያሳ ላይ ቆም ስል ፎሌ (ዜሮ ማርሽ) ማግኘትማ አይታሰብም ሞተሩን አጥፍቼ ነው የማገኘው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ሰውየው ገና ሳይነካው ሸራው (ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ዲስኮች) አልቋል ይከፈት አለኝ። እውነት ነው?

የሐረጎ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ ምንም አይከፈትም። ሸራ ሲያልቅ እኮ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስትወጣ ጋዝ ትሰጠዋለህ ሞተሩ ይጮኻል ፍጥነት የለም። ያንተ ግልባጩ ነው፣ ጨብጠህም አይለቅም፣ ይሄ ብዙ ጊዜ የላላ ካቦ ነው፣ ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እጀታውን በጣትህ ቀስ አርገህ ሳበው፣ ከመክበዱ በፊት እጀታው ስር የሚከፈተው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት። ከዛ ከበለጠ እጀታው ጋ ማቆሚያ ቀለበቷን አላላና ማስተካከያውን ወደ ውጭ አዙረው ይወጠራል። የማስተካከያው ጥርስ ብዙ ከወጣ ግን እላይ አትታገል፣ መልሰህ አስገባውና ከታች ሞተሩ ጋ ባሉት ዳዶዎች ሳበው።

አያ ሞተር (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ነው ግን ዝም ብለህ ጥርቅም እንዳታረገው፣ ክፍተት ካልተውክለት ያንሸራትትና ያኔ ሸራው በደንብ ያልቅልሃል። መጀመሪያ ሰው እጀታውን ይጨብጥልህ አንተ ቁጢጥ በልና ከታች ሞተሩ ላይ ካቦው የሚስበውን ክንድ እይ። እጀታው እስከ መጨረሻ ሄዶ ክንዱ እምብዛም ካልተነቃነቀ ካቦው ነው፣ ክንዱ ደህና ሄዶ ካልለቀቀ ችግሩ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ከሆነማ የደሴ ብርድ ነው፣ ዘይቱ ወፍሮ ሸራዎቹ ይጣበቃሉ ሲሞቅ ይተዋል። ደግሞ ሐረጎን ፍሪሲዮን ጨብጠህ የምትወርድ ከሆነ በአላህ ተው፣ በማርሽ ውረድ።

ባለቦክሰር (ደሴ)፦
አያ ሞተር እንዳልከው አየሁት፣ ክንዱ አይሄድም ማለት ይቻላል። እጀታው ጋ ያለውን ላስቲክ ገለጥ ሳረገው ጫፉ ላይ ሽቦው ተበጣጥሶ ጥቂት ክር ነው የያዘው። ዘይት ባረግበት ትንሽ አይቆይም? የአፓቼ ሞተር ካቦስ ይሆነዋል?

የሐረጎ ልጅ፦
ዘይት ለደረቀ ነው፣ የተበጠሰ ሽቦ አይቀጥልም። ዳገት መሀል ሳይበጠስብህ ቀይረው። የአፓቼ ይሁን የምን ስሙን ተወው፣ አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን ለካው፣ የሽፋኑም የውስጡም ርዝመት እኩል ይሁን፣ ጫፉ ላይ ያለችው ድብልብልም እጀታው ውስጥ ትግባ። ከመግጠምህ በፊት አንጠልጥለህ ከላይ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አርግበት በታች እስኪወጣ፣ ግራሶ እንዳትጠቀጥቅበት አቧራ ይሰበስባል። አሮጌው በሄደበት አሳልፈውና መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙረህ እይ፣ ክፍተቱ ከተቀያየረ የሆነ ቦታ ይዞታል።

አያ ሞተር (ኮምቦልቻ)፦
አዲስ ካቦ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለጠጣል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍተቷን ደግመህ ለካት።