የአለርጂ ኪኒን፦ የቱን? ከየት? (ጥቆማ)

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ማስነጠሱም አብሮ ይመጣል። ኅዳር 12 ላይ የቆሻሻው ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ የበጋው አቧራ ይከተላል። ግንባታ ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰውማ ዓመቱን ሙሉ መሀረብ ከእጁ አይጠፋም። «ለአለርጂ ጥሩ መድኃኒት ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ግን አንድ የብራንድ ስም ብቻ ነው። ስሙን ይዛችሁ ብትዞሩ ደግሞ አታገኙትም፤ ወይም ከውጭ የመጣ ነው ተብላችሁ እጥፍ ትከፍላላችሁ።

የእኔን ምርጫ ላስቀድም። ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ግዙ። ከተቻለ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሆነው ከከነማ መድኃኒት ቤት፣ ካልሆነ ባለሙያው ቆሞ ከሚያነጋግራችሁ የግል መድኃኒት ቤት። ከነማ ብዙ ጊዜ በዋጋ ይሻላል፤ ግን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። በሁለቱም ቦታ የብራንዱን ስም ተዉትና «ሴትሪዚን 10 ሚሊግራም» በሉ። አሜሪካ ዚርቴክ የሚባለው ይኸው ሴትሪዚን ነው። ክላሪቲን ደግሞ ሎራታዲን ነው።

ጤነኛ አዋቂ ከሁለቱ አንዱን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይወስዳል፤ በቃ። አልለቀቀኝም ብሎ ሁለተኛ መጨመር የለም። ሴትሪዚን ፈጠን ይላል፤ በአንድ ሰዓት አካባቢ ልዩነቱ ይታወቃል። ሎራታዲን ዘግየት ይላል፣ ግን እንቅልፍ የማምጣቱ ነገር አነስተኛ ነው። ሴትሪዚን «አያስተኛም» ተብሎ ይሸጣል እንጂ የሚያደነዝዘው ሰው አለ። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ 10 ሚሊግራም ከወሰዱት ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸዋል፤ ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት የይስሙላ ኪኒን የተሰጣቸው ላይ 6 በመቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማታ ሞክሩት። ሹፌር ከሆናችሁ ወይም ማሽን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሎራታዲን ይሻላችኋል። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው መጠኑ ስለሚቀነስ ሳይጠይቅ አይጀምር።

አሁን ወደ ርካሿ እንምጣ። ክሎርፌኒራሚን፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢጫ ኪኒን ናት። አሮጌ መድኃኒት ነች፣ ትሠራለች፣ ግን ጭንቅላት ውስጥ ስለምትገባ ታስተኛለች። ማታ የዋጧት ጠዋትም ላትለቅ ትችላለች። አንዳንድ ቦታ ከትልቅ ቆርቆሮ ተቆጥራ በትንሽ ፖስታ ትሰጣችኋለች። ፖስታው ላይ «1×3» ብቻ ተጽፏል። ስም የለም፣ ሚሊግራም የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። እንደዚህ ሲሆን ፖስታውን መልሳችሁ «ስሙን ይጻፉልኝ» በሉ። ነውር የለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ስታገኙት ምን እንደሆነ የምታውቁት በዚያች ጽሕፈት ነው።

ለአባትና ለእናቶቻችን ይህችን ባትገዙ እመርጣለሁ። አፍ ታደርቃለች፣ ሽንት ትይዛለች፣ በዕድሜ የገፋን ሰው ግራ ታጋባለች፣ ሌሊት ሲነሱም ሊወድቁ ይችላሉ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰውማ ጭራሽ። አረቄና ቢራም ከዚች ጋር አይሄዱም፤ ከሌሎቹም ጋር ቢቀር ነው የሚሻለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። የጉንፋን ኪኒኖችን ጀርባ አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞልና ያቺው ክሎርፌኒራሚን ተቀላቅለው አሉ። አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ደግሞ ዳይፌንሃይድራሚን የሚባል ሌላ የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት አለ። ጠዋት የጉንፋን፣ ቀን የአለርጂ፣ ማታ የሳል የወሰደ ሰው ሦስት የአለርጂ መድኃኒት ደራርቦ ሊሆን ይችላል። በኋላ ድካሙን «ጉንፋኑ ጠንቶብኝ ነው» ይላል።

ከዲሲ በሻንጣ የሚመጣውም የራሱ ጣጣ አለው። ዘመድ በፍቅር ነው የሚልከው፤ አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ ግን ሳታነቡ አትዋጡ። ከስሙ ኋላ «ዲ» የሚል ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ ዚርቴክ ዲ፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፈድሪን ተጨምሮበታል። ግፊት ላለበትና ልቡን ለሚያመው ጥሩ አይደለም። ታይለኖል ፒኤም ለራስ ምታት ተብሎ ይመጣል፣ ውስጡ ግን ዳይፌንሃይድራሚን አለ። ቤናድሪል ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል፦ አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ይኸው የሚያስተኛው ነው፣ እንግሊዝ አገር «በቀን አንድ» የሚለው ሴትሪዚን ነው። አሌግራ (ፌክሶፌናዲን የሚባል የአለርጂ ኪኒን) የሚልክላችሁ ካለ ዕድለኛ ናችሁ፤ እንቅልፍ አያመጣም ማለት ይቻላል። በውሃ ብቻ ውሰዱት። የብርቱካን ወይም የፖም ጭማቂ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል።

«ዴክሳ ወግቶኝ ወዲያው ለቀቀኝ» የሚል ምስክርነትም በየጊዜው ይሰማል። እኔንም አንድ ክሊኒክ ለተራ ማስነጠስ ክንድህን ስጥ ብሎኝ ያውቃል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ቶሎ ማስታገሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደጋገሙት ቁጥር ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለአፍንጫ አለርጂ በየወሩ የሚወጋ ነገር አይደለም።

ዋናው ችግራችሁ መታፈን ከሆነ ኪኒኑ ብዙም አያግዛችሁም፤ እሱ የሚያቆመው ማስነጠሱን፣ ማሳከኩንና የሚንጠባጠበውን ነው። ለታፈነ አፍንጫ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን የሚባል የአፍንጫ ስፕሬይ ጠይቁ። ዋጋው ከኪኒን ይወደዳል፣ ውጤቱም ለመታየት ቀናት ይፈልጋል፤ ግን ያዋጣል። ወዲያው የሚከፍተውን ጠብታ፣ ዛይሎሜታዞሊንን፣ ከሳምንት በላይ አትጠቀሙ። ካለፈ ራሱ ጠብታው ያፍናችኋል።

ለልጆች ሽሮፑ አለ። መጠኑን በዕድሜና በኪሎ ባለሙያው ይንገራችሁ፤ የምትለኩትም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይሁን። ፕሮሜታዚን የሚባለው አሮጌ የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፣ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። ለረጅም መንገድ ልጅ ለማስተኛት ብላችሁ የአለርጂ ሽሮፕ አትስጡ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሐኪሟን ጠይቃ ትውሰድ።

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ኪኒን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ያንን የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ለወራት በየቀኑ ሴትሪዚን የወሰዱ ሰዎች ሲያቆሙ አልፎ አልፎ ኃይለኛ ማሳከክ ሊመጣባቸው ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። እንዲህ ከገጠማችሁ አለርጂው ተባባሰ ብላችሁ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ኪኒኑን በሥርዓቱ ወስዳችሁ በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። የቆዳ አለርጂ ምርመራ ከታዘዘላችሁ ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ ኪኒኑን መቼ እንደምታቆሙ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እየወሰዳችሁ ከሄዳችሁ ኪኒኑ አለርጂውን ከምርመራው ሊደብቀው ይችላል።