አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስን የጨረሳችሁ፣ ጥሩ ጎኑን ንገሩኝ

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ትመጣለች። «አንድ ጌም አመጣልሃለሁ፣ ምረጥ» ብላኛለች። ፒኤስ 5 ከገዛሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። ልቤ የጃፓኑ ሻዶውስ ላይ አርፏል፤ ግን ፈራሁ።

ይህን ተከታታይ ጌም ከልቤ እወደዋለሁ። የባሕር ወንበዴዎቹን ብላክ ፍላግ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የግብፁ ኦሪጅንስ ላይ ደግሞ ሚሽኑን ትቼ በረሃው ውስጥ በግመል ዝም ብዬ የምዞርበት ጊዜ ነበር። ቫልሃላ ግን አላልቅ አለኝ። ወራት ተጫውቼበት መሀል ላይ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከ10 ስንት እንደሰጣችሁት አትንገሩኝ፤ እሱን የትም አገኘዋለሁ። ጆይስቲኩን ይዛችሁ «ይሄ ነገር ደስ ይላል» ያላችሁበትን ቦታ ንገሩኝ። ስጦታ አንድ ነው፤ ላበላሸው አልፈልግም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሰፈር ውስጥ ያሱኬ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ሳሙራይ፣ ሐበሻ ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከራሉ። እውነቱ የቱ ነው?

ካዛንቺስ የነበርኩ

ውሰደው። አንድ ምክር ብቻ ልስጥህ፦ ስትጀምር ሴቲንግ ግባና ኢመርሲቭ የሚለውን አብራ። ጃፓኖቹ በጃፓንኛ፣ ፖርቱጋሎቹ በፖርቱጋልኛ ያወራሉ። ጽሑፉን ከታች እያነበብክ ትከተላለህ። እኔ በእንግሊዝኛ ጀምሬ ሁለተኛው ቀን ላይ ቀየርኩት፤ ሌላ ጌም ሆነብኝ።

ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳይ ተረጋግቼ ልጽፍልህ ወሰንኩ። እኔ ሻዶውስን ቀስ ብዬ ነው የጨረስኩት። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሲሆን ሁለት ሦስት ሰዓት። አራት ወር ወሰደብኝ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ልንገርህ። ይህን ጌም ያወቅኩት ፒያሳ፣ አንድ ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ሁሉም ፊፋ ይጫወታል። እኔ ጥግ ላይ ያለችውን ቲቪ ይዤ በሰዓት እየከፈልኩ ሁለተኛውን አሳሲንስ ክሪድ፣ የኤዚዮን እጫወታለሁ። ለምሳ ከሚሰጠኝ ላይ እየቆጠብኩ ቬኒስ ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስሄድ ሴቬ (ያስቀመጥኩት ጨዋታ) የለም። ሌላ ልጅ ኒው ጌም ብሎ በላዩ ላይ ጀምሮበታል። ባለቤቱ «እንደገና ጀምረዋ፣ ምን አለበት» አለኝ። እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ቤቱ አሁን የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ሄዷል።

ከዚያ ጀምሮ ጌም የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው። ይሄ ሴቭ ነገ ቢጠፋብኝ ከዜሮ እጀምረዋለሁ ወይ? ቫልሃላን አልጀምረውም። ሻዶውስን ግን ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።

ለምን? አንደኛ ጨለማው። በዚህ ተከታታይ ጌም ውስጥ ለዓመታት የተደበቅነው ቁጥቋጦና ድርቆሽ ውስጥ ነው። ማታም ሆነ ቀን ያን ያህል ለውጥ አልነበረውም። እዚህ ጥላ ራሱ መደበቂያ ነው። ናኦኤ፣ ከምትይዛቸው ሁለት ሰዎች አንዷ፣ የኢጋ አውራጃ ልጅ፣ ፋኖስ ታጠፋለች፣ በደረቷ ትሳባለች። ኩሬ ውስጥ ገብታ በሸምበቆ እየተነፈሰች ትቆያለች።

አንድ ምሽት ልንገርህ። ጌሙ ውስጥ የበረዶው ወቅት ነበር። አንድ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ በገመድ ወጣሁ። ከጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ በረዶ ስነካው ተሰብሮ ወደቀ። ከታች ዘበኛው ቀና አለ። ወዲያው በደረቴ ተኛሁ። እሱ ድምፁ ወደመጣበት ሲሄድ በመስኮት ገባሁ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ ፋኖስ አለ። በወረቀት ከተሠራው በር ጀርባ የሌላ ዘበኛ ጥላ ይታያል። ፊቱን አላየሁትም፤ ጥላውን ብቻ ነው ያየሁት። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ፋኖሱን አጠፋሁ። ተጠጋሁ። በሩን ሳልከፍት በወረቀቱ ውስጥ ወጋሁት። ጥላው ወረቀቱ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ጆይስቲኩን አስቀምጬ ለአንድ ደቂቃ ዝም አልኩ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ነበር፤ እሱም ዝም አለ።

ሁለተኛው ያሱኬ ነው። ያሱኬን ስትይዝ እጅህ ላይ ያለው ክብደት ይቀየራል። በር አይከፍትም፣ ሰብሮት ያልፋል። ካናቦ የሚባለውን ብረት የተመታበት ዱላ ሲያነሳ ጥሩር የለበሰው ሁሉ ወደኋላ ይሸሻል። ናኦኤ ሦስት ሰው ከከበባት አበቃላት። እሱ ስድስቱን በፊት ለፊት በር ገብቶ ይጠብቃቸዋል። በተራው ግድግዳ መውጣት ላይ ይቸገራል፤ እሷ እንደ ድመት የምትሄድበት ጣሪያ ለእሱ አይሆንም። የድሮዎቹ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ነገር ይችል ነበር። እዚህ የጎደለህን እያወቅህ ነው የምትመርጠው። ያንኑ ምሽግ በሁለቱም ሞክረው፤ ሁለት የተለያየ ቦታ ይሆንብሃል።

ሦስተኛውን የሚያነሳው ሰው የለም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነው። ጌሙ የምትፈልገውን ሰው ካርታ ላይ አይተክልልህም። ፍንጭ ይሰጥሃል። በዚህ አውራጃ፣ ከወንዙ በስተሰሜን፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ይልሃል። አንተ ካርታውን አይተህ ትገምታለህ፣ ሰላዮችህን ትልካለህ ወይም ራስህ ሄደህ ትፈልጋለህ። ይሄ የእኛ የአዲስ አበባ አቅጣጫ ነው! ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ወረድ በል፣ ፖስታ ቤቱን ሳታልፍ በቀኝህ ታጠፍ፣ ከዚያ ሰው ጠይቅ። በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ያላደገ ሰው ይሄን ጌም ከማንም በላይ ይገባዋል። የቫልሃላ ካርታ በምልክት ተሞልቶ ነበር፤ አንተን ያደከመህም እሱ ይመስለኛል። እዚህ ቀና ብለህ መንገዱን ታያለህ።

ወቅቶቹንም እንዳትረሳ። በጸደይ የሮጥክበት የሩዝ ማሳ ከወራት በኋላ በረዶ ለብሶ ታገኘዋለህ። የተደበቅክበት ቁጥቋጦ ቅጠሉ ረግፎ ያጋልጥሃል። ዝናብ ሲጥል ኮቴህ አይሰማም። የሐምሌ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም አይደል? ጌሙም ልክ እንደዚያ ነው የሚያስበው።

የአራት ኪሎ ልጅ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱን በር ሳነብ ቆዳዬ ተነሣ። ግን ርዝመቱስ? ያሱኬስ?

ልደታ ሥነ ሕንፃ

እኔ ልመልስልህ።

ስለ ርዝመቱ እውነቱን ልንገርህ፤ ረጅም ነው። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ነው፤ የናኦኤና የአባቷ ነገር ያስለቅሳል። መሀሉ ላይ ግን ይላላል። የምትገድላቸውን ሰዎች በፈለግኸው ቅደም ተከተል እንድትሄድባቸው ስለፈቀዱ፣ አንዱ ታሪክ ሌላውን አይገፋውም። ከፒያሳ የጻፈው ወንድማችን ይህን አልነገረህም። ጫካውም ያናድዳል። ተራራውን በቀጥታ አቋርጣለሁ ብትል ዛፉና ቁልቁለቱ ያስቆምሃል። መንገዱን ተከተል። ጥቅሉን ሁሉ ካልጨረስኩ አትበል፤ ከዋናው ታሪክ ውጪ የሚገደሉትን ቡድኖች ግማሹን ብትተዋቸው ምንም አይጎድልብህም።

እኔ የያዘኝ ሕንፃው ነው። ሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። የጃፓኑ ጦር አበጋዝ የኦዳ ኖቡናጋ የአዙቺ ቤተ መንግሥት ተሠርቶ ያለቀው በፈረንጆች 1579 ነው፤ በ1582 ተቃጠለ። ዛሬ ቦታው ላይ የቀረው የድንጋይ መሠረቱ ነው። ጌሙ ውስጥ ግን ጣሪያው ላይ ቆሜ ሐይቁን አየሁት። አንድ ሌሊት ሙሉ ሰው ሳልገድል፣ ምሰሶው ከማገሩ ጋር እንዴት እንደተያያዘ እያየሁ ዞርኩ። ወለሉ ላይ ምንጣፉ እንዴት እንደተዘረጋ፣ በሩ በየትኛው ሐዲድ ላይ እንደሚንሸራተት፣ ሁሉም አለ። የራስህን መንደርም ትሠራለህ። ቤቱን የትኛው ጥግ ላይ እንደምታደርገው፣ ዛፉን የት እንደምትተክለው አንተ ነህ የምትወስነው። እኔ ከሚሽኑ ይልቅ እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ያሱኬ። በእውነት የነበረ ሰው ነው። ጃፓን የገባው በ1579 ከጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ከአሌሳንድሮ ቫሊኛኖ ጋር ነው። በ1581 ኪዮቶ ላይ ኖቡናጋ ፊት ቀረበ። ኖቡናጋ ቀለሙ የተቀባ መስሎት ልብሱን አስወልቆ አሳጠበው። ከዚያ አጠገቡ አደረገው። በጊዜው ያየው አንድ ጃፓናዊ በማስታወሻው ቁመቱን በእነሱ መለኪያ ጽፎታል፤ ከ180 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ኖቡናጋ በ1582 ከሞተ በኋላ ያሱኬ ለኢየሱሳውያን ተመልሶ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ስሙ አይነሳም።

ሐበሻ ነው የሚለው ግምት ነው። ፍራንሷ ሶሊዬ የተባለ ኢየሱሳዊ በ1627 ከሞዛምቢክ ነው ብሎ ጽፏል። ግምቱ ከየት መጣ ብትለኝ፣ ቫሊኛኖ ወደ ጃፓን የሄደው በሕንድ በኩል ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሕንድ ውስጥ ከእኛ አገር በባርነት የተወሰዱ ብዙ ወታደሮች ነበሩ። ማሊክ አምባርን አስብ። ከዚህ ተወስዶ በሕንድ ዴካን ውስጥ የጦር መሪ እስከመሆን ደረሰ። እነሱን ሐብሺ ይሏቸው ነበር። በእኛ አገር ያኔ አፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ። እነዚያው ኢየሱሳውያን ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ላይ ነበሩ። ጌሙን ስጫወት ይሄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የሰፈር ልጆችን «አልተረጋገጠም፤ የተጻፈው ሞዛምቢክ ይላል» በላቸው።

ከፒያሳ

እህቴ፣ ስለ መሀሉ ልክ ነሽ። እኔም እዚያ ላይ ለሁለት ሳምንት አቁሜ ነበር። የመለሰኝ ታሪኩ አይደለም፤ ፈረስ ላይ ሆኖ ቀስት መወርወሩና የያሱኬ የሰይፍ ልምምድ ነው። እዚያ ላይ ማንንም አትገድልም። በትክክለኛው ሰዓት ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ከሥራ ደክሜ ስገባ እሱን ለ10 ደቂቃ ሠርቼ እተኛለሁ።

የአራት ኪሎው፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከመጀመሪያው አጭር ክፍል በኋላ ያሱኬ ለብዙ ሰዓታት ይጠፋብሃል። የምትይዘው ናኦኤን ብቻ ነው። «የት ሄደ?» ብለህ አትናደድ። ድክመቷን በደንብ ካወቅህ በኋላ ሲመጣ ነው ጉልበቱ የሚገባህ።

ካዛንቺስ የነበርኩ

ፒሲ ላይ የምታስቡ ካላችሁ፣ 115 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ኤስኤስዲ ላይ ይፈልጋል። ፒኤስ 4 ላይ አልወጣም። ኢንተርኔታችሁን አስቡበትና ማታ ማታ አውርዱት።

የአራት ኪሎ ልጅ

አሁን ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። ሻዶውስ አልኳት። እህቴ፣ ስለ ሠርፀ ድንግል የጻፍሽውን ለአባቴ አነበብኩለት፤ የታሪክ አስተማሪ ነበር። «ጌሙ ሲመጣ ያንን ሰውዬ አሳየኝ» አለኝ። ስለ ጌም ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

ከፒያሳ

አባትህን ያሱኬ ኖቡናጋ ፊት የሚቀርብበትን አሳያቸው። መጀመሪያው ላይ ነው፤ ብዙ አይጠብቁም። ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ደግሞ ሳትጀምር በፊት የራሱን አካውንት ክፈትለት።