ለ4ኛ ክፍል ልጆች የተለያዩ ሕዝቦችን ዘመን መለወጫ እንዴት እናስተምር?

መምህርት 4ለ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሉ 52 ልጆች አሉት፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የትምህርት ቤቶች የባህል ቀን እንደምታውቁት ነው፦ የአገር ልብስ ይለበሳል፣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያልቃል። ማን ምን እንደሚያከብር፣ ለምን እንደሚያከብር የሚያስረዳ የለም። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን፣ የሲዳማን ፊቼ ጫምባላላ፣ የወላይታን ጊፋታ፣ የኦሮሞን ኢሬቻና የሂጅራን (የእስልምናን) አዲስ ዓመት በ4 ክፍለ ጊዜ ላስተምር አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር? ምግብስ ይቅረብ? ሃይማኖት ሲነሣ እንዴት ይያዛል? ከወረቀት፣ ከሙጫና ከማርከር ያለፈ በጀት የለም።

ባለ ሜትሩ፦
ከቀን አቆጣጠር ይጀምሩ፣ መምህርት። «ቀኑን ማን ይወስናል? ምን አይቶ?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም በዓል እኩል ይሠራል፤ የማንም በዓል ዋና፣ የማንም ተጨማሪ አይሆንም። ሂሳብም አብሮ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ይቆረጡና ይቀጣጠሉ። አንድ ቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። የ30 ቀን ወር 15 ሴንቲ ሜትር፣ 12ቱ ወር 180፣ ጳጉሜን 2.5፤ የኛ ዓመት ባጠቃላይ 182.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ጥብጣብ የሂጅራ ነው፤ ዓመቱ 354 ቀን ስለሆነ 177 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አስተካክለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፏቸው 5.5 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ያ ነው 11 ቀን። የሙሐረም (የመጀመሪያው የሂጅራ ወር) መጀመሪያ በ2016 ሐምሌ 1 አካባቢ ውሎ በ2017 ወደ ሰኔ 20 አካባቢ የመጣው ለምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል። አስቀድመው አይንገሯቸው።

የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ እያነሡ ሲያስቀምጡ በየጊዜው 2 ሚሊ ሜትር ከተሳቱ መጨረሻው ላይ ከ2 ቀን በላይ ይጠፋል፤ የ11 ቀኑ ልዩነት 8 ወይም 13 ሆኖ ይወጣና ትምህርቱ ይከሽፋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይጠቀሙ። ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው ልክ የሰፊውን ሜትር ሙሉ ርዝመት ይሞላል፤ የቀረውን ከዚያ መቀጠል ነው። ለሙጫ መደራረቢያ በየመጋጠሚያው 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ፤ ካልተዉ ዓመቱ ያጥራል። የሂጅራ ወራት ደግሞ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆኑ 14.5 እና 15 እያፈራረቁ ይሣሉ። ልጆች ሁሉንም ወር 15 ማድረግ ይቀናቸዋል፣ ይከታተሏቸው።

52ቱን በ10 ቡድን ይክፈሏቸው (ስምንቱ ባለ 5፣ ሁለቱ ባለ 6)። በየቡድኑ ሁለት ልጅ አንዱን ጥብጣብ፣ ሁለት ልጅ ሌላውን፣ የቀረው ጽሑፉን።

ከዚያ ቀናቸው የቆመውን በዓላት በማርከር፣ የሚንቀሳቀሱትን በልብስ መቆንጠጫ። እንቁጣጣሽ ይጻፋል። ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ በእሁድ ስለሚውል የአንድ ሳምንት ሣጥን፣ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሣልለታል። ፊቼ ግን መቆንጠጫ ነው፤ ቀኑን የሚያውጁት ጨረቃንና ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቱዎች ናቸውና። የሲዳማ ነባር ሳምንት በገበያ ቀን የሚቆጠር የ4 ቀን ሳምንት መሆኑንም ይጨምሩበት፤ ሳምንት ሁሉ 7 ቀን ይመስላቸዋል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ከላይ ያለው ድንቅ ነው፤ አንድ እርማት ግን አለኝ። ኢሬቻን ከዘመን መለወጫ ጋር አትደርድሪው። ኢሬቻ ለዋቃ (ለፈጣሪ) ምስጋና የሚቀርብበት በዓል ነው። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ በውሃ ዳር የሚከበረው ኢሬቻ መልካ ይባላል፤ ሌላው ኢሬቻ ቱሉ ነው፣ ተራራ ላይ የሚከበር። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ውሃው ውስጥ ይነክራል። ልጆቹ ኢሬቻንና ዘመን መለወጫን ከቀላቀሉ በፈተናም በኑሮም ይሳሳታሉ። እንደማነጻጸሪያ ግን ይጠቅምሻል፦ እንቁጣጣሽም ኢሬቻም አደይ አበባ የሚይዙት ለምንድነው? አበባው በዚያው ወቅት ስለሚፈካ ነው። መልሱን ከዝናቡ ወቅት ራሳቸው ያውጡት።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሥጋ በፍጹም አይግባ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ግማሹ ልጅ ቆሞ ያያል። የፊቼው ቡሪሳሜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ ስለሚሠራ ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለብሽ ያው ችግር ነው። ረመዳንንም አትርሺ። የሚሻለው ሳይበሉ የሚመረምሩት ነገር ነው፦ ግማሽ ኪሎ ያህል ቆጮ፣ የእንሰት ቅጠልና የቃጫ ገመድ በጠረጴዛ ላይ። ቆጮው ሲከፈት አንዱ አፍንጫውን ይዞ «ይሸታል» ማለቱ አይቀርም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው የጉራጌ ወይም የሲዳማ ልጅ ያኔ ይሸማቀቃል። ስለዚህ ቀድመሽ እርሾ የገባበት የጤፍ ሊጥ በብርጭቆ አሽትቻቸው፤ መቦካት ምን እንደሆነ በእንጀራቸው ይረዱት፣ ቆጮው ከዚያ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚቀራቸው ሳቁ ብቻ ነው።

የሥነ ዜጋ አስተማሪ፦
ሃይማኖቱን በተመለከተ መስመሩ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ሥርዓቱን ማስረዳት ይቻላል፣ ማስፈጸም አይቻልም። ሣር አስይዞ ውሃ ማስነከር፣ ዱዓ ወይም ጸሎት ማስደገም፣ «እንደ ድራማ ነው» ቢባልም ይቅር። የፊቼ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ብለው ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ እንደሚሉ መለማመድ ግን ምንም ክፋት የለውም፤ ሰላምታ ነው። «አበባየሆሽ»ም እንዲሁ።

ከዚህ የባሰ የማየው ስሕተት ሌላ ነው፦ «አንተ ወላይታ ነህ፣ ስለ ጊፋታ ንገረን»። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ቤተሰቡ በእምነቱ ምክንያት ላያከብርም ይችላል። «ሲዳማዎች ሁሉ» ከማለትም «የሚያከብሩ ቤተሰቦች» ይበሉ።

የሚነግራቸው ሰው ከፈለጉ አንድ አያት ይጋብዙ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄዎቹን ከሦስት ቀን በፊት በወረቀት ይላኩላቸው፣ ከ5 አይብለጡ፣ ሁሉም ተጨባጭ ይሁኑ፦ በበዓሉ ጠዋት ልጆች መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? እንጨቱን ማን ያመጣል? የተጣላ ሰው መቼ ይታረቃል? «ስለ ባህላችሁ ይንገሩን» ከተባሉ ረጅም ንግግር ይመጣል፣ ልጁም ይተኛል።

ከአሽዶድ፦
ለባለ ሜትሩ ሐሳብ ሦስተኛ ጥብጣብ ልጨምር። የዕብራይስጡ አቆጣጠር ወሩን በጨረቃ ይቆጥራል፤ ነገር ግን በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል። ወር የተጨመረበት ዓመት 384 ቀን ገደማ ስለሆነ 192 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ከናንተው ጥብጣብ ያልፋል። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በዓል ስግድ በሔሽቫን ወር 29፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን ይውላል፤ እስራኤል ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። መቆንጠጫው ወዲህ ወዲያ ይላል እንጂ እንደ ሙሐረም ዓመቱን አይዞርም። ለ4ኛ ክፍል ከበዛ ለ6ኛ ያቆዩት።

መምህርት 4ለ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ኢሬቻን ለብቻው አወጣዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ጳጉሜን 6 የሚሆንበትን ዓመት ልጆች በቀላሉ እንዴት ያወጡታል?

ባለ ሜትሩ፦
በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው። 2019ን ይሞክሩት፦ 7519 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ጥብጣብ 183 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 4ኛ ክፍሎች ባለ 4 አሃዝ ማካፈል ከከበዳቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ፣ 19ን፣ ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው ያው ነው።