ለኤዲኤችዲ ክኒን የሚወስድ ልጅ ነገ ሱሰኛ ይሆናል? ለወላጅ እንዴት ይነገር?

አስተርጓሚ_ሲያትል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ላለበት የ8 ዓመት ልጅ ሜቲልፌኒዴት (ሪታሊን) ሲታዘዝ የኛ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ዛሬ ክኒን ያስለመድነው ልጅ ነገ ሱሰኛ ቢሆንስ?» ብለው ነው። ከጫት ጋር የሚያመሳስሉትም አሉ። «አይሆንም» ብሎ ማለፍ አያሳምንም። በምክንያትና በቁጥር የሚያስረዳ አለ?

ፋርማሲስቷ፦
ከጫት ጋር ማመሳሰላቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ሜቲልፌኒዴትም አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን (ከደስታና ከትኩረት ጋር የተያያዘውን ኬሚካል) ከፍ ያደርጋል። ይህን አትደብቁ፤ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሲያገኙት አያምኗችሁም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የተዋጠ ክኒን አንጎል ውስጥ ጣራው ላይ እስኪደርስ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይፈጃል። የሚያሰክረው ድንገተኛው ዝላይ ነው፤ ያው ክኒን ተፈጭቶ በአፍንጫ ቢሳብ ሌላ ነገር ይሆናል። አጀማመሩም ዝግ ያለ ነው፦ አጭር ጊዜ የሚሠራው 5 ሚ.ግ. ጠዋትና ቀትር፣ ከዚያ በየሳምንቱ የቀኑ መጠን በ5 ወይም በ10 እየጨመረ፣ በቀን ከ60 ሳያልፍ። ክብደት፣ ቁመት፣ ደም ግፊትና የልብ ምት እየተለካ።

ስቶክሆልም_08፦
አደጋው ያለው በሽታው ላይ ነው። ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ 27 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ኒኮቲን ላይ ጥገኛ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። እዚህ ስዊድን ኤዲኤችዲ ያለባቸው 38,753 ሰዎች የታዩበት መዝገብ ደግሞ በ2006 መድኃኒት የታዘዘላቸው በ2009 ከሱስ ጋር የተያያዘ ችግር የገጠማቸው ካልታዘዘላቸው በ31 በመቶ ባነሰ መጠን መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ መድኃኒቱ ይከላከላል ማለት እንችላለን።

ፋርማሲስቷ፦
እዚህ ላይ ቆጠብ እንበል። አሜሪካ ውስጥ 579 ልጆችን ይዞ የጀመረው ኤምቲኤ ጥናት እስከ ወጣትነታቸው ከተከታተላቸው በኋላ በ2023 ያወጣው ውጤት መድኃኒቱ ሱስን ጨመረም ቀነሰም የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ለወላጅ «አይጨምርም» በሉ። «ይጠብቀዋል» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ልጁ በ17 ዓመቱ ሲጋራ ሲያጨስ ቢገኝ ክኒኑን ያቋርጡበታል።

ነርስ_ትምህርት_ቤት፦
ወላጅ ከሱስ ይልቅ መፍራት ያለበት ክኒኑ ከቤት መውጣቱን ነው። ሃይስኩል ላይ በፈተና ሰሞን ጓደኛ «አንድ ስጠኝ» ይላል። ብልቃጡ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ወላጅ በሳምንት አንዴ ይቁጠር፣ ልጁም ወላጁ ፊት ይዋጥ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ማዘዣ ሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት ማውጣት ስለማይቻል የጠፋውን መተካት ጣጣ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰደው ኮንሰርታ (ቀስ እያለ የሚለቀቅ ሜቲልፌኒዴት) ይሻላል፦ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ክኒን አይኖርም፣ ለመፍጨትም ያስቸግራል። ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ባዶ ቅርፊቱ ከሰገራ ጋር ሊወጣ ይችላል። «ሳይሟሟ ወጣ» ብለው ሁለተኛ እንዳይሰጡት።

ፋርማሲስቷ፦
ልጁ ጎረምሳ ከሆነና ጫት ከቀመሰ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ምትና ግፊት ይወጣል። ቤት ውስጥ ሱስ ያለበት ሰው ካለ አቶሞክሴቲን የሚባለው ሌላ የኤዲኤችዲ መድኃኒት ይጠየቅ፤ አነቃቂ ስላልሆነ ማንም አይሰርቀውም፣ ግን ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል። ለክረምት ወደ ኤምሬትስ የሚሄዱ ካሉም ሜቲልፌኒዴት ይዞ ለመግባት ቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።