የጣሪያ እንጨት ስታቆሙ ስካፎልዲንጉን እንዴት ነው የምታስሩት?

አናጢው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ብዬ ነው። ሱሉልታ ላይ የአንድ ግለሰብ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ጣሪያውን በእጅ ዋጋ ይዣለሁ። ቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚሞላው የኮንክሪት ማሰሪያ) ተሞልቶ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የተሞላበት የእንጨት ቅርጽ) ተፈቷል፣ ከመሬት እስከ ቢሙ 6 ሜትር ከምናምን ነው፣ በጓሮ በኩል ግን መሬቱ ስለሚወርድ 8 ይጠጋል። ትራሱን (ጣሪያውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት አጽም ማለቴ ነው የራስጌውን አይደለም 😅) ከባህር ዛፍ መሬት ላይ ገጥመን በገመድ እየጎተትን ነው የምናቆመው፣ ከኔ ጋር 4 ልጆች አሉ።

ያስጨነቀኝ ነገር፣ አምና አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሌላ ሳይት ላይ ከቢም ላይ ወደቀብኝ፣ ወደ ውጪ ቢሆን እሺ ስካፎልዲንግ ነበረ፣ የወደቀው ግን ወደ ውስጥ ነው፣ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ። ነፍሱ ተርፏል ግን ወገቡ እስካሁን ልክ አይደለም፣ አሁን ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። እና የዚህኛው ቤት ባለቤት ሳማክራቸው «የግምበኛው ስካፎልዲንግ ቆሞልህ የለ እንዴ በሱ ሥራ» አሉኝ። ሄጄ ሳየው አንዱ ቋሚ በእጄ ስገፋው ይንቀሳቀሳል። ሀርነስ (ሰውነት ላይ ታስሮ ከመውደቅ የሚይዘው ቀበቶ) ልግዛ ብዬም አስቤ ነበር፣ ግን ምን ላይ ነው የማስረው? እስቲ የምታውቁ።

ሳይት ላይ የዋለ፦
በመጀመሪያ ያንን የግምበኛ ስካፎልዲንግ እርሳው ወይም ፈተህ እንደ አዲስ እሰረው። ለምን መሰለህ፣ አጠናው ሲታሰር እርጥብ ነበር፣ ሁለት ሦስት ወር ፀሐይ ላይ ሲቆም ይደርቅና ይቀጥናል፣ ያኔ ሚስማሩም ገመዱም ይላላል፣ ያንተ ቋሚ የሚንቀሳቀሰው ለዛ ነው። ደግሞ ግምበኛ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር መረማመጃውን እየፈታ ወደ ላይ ስለሚያወጣው ከታች ያሉት ሰያፎች ግማሹ ተነቅሎ ነው የምታገኘው፣ ማንም አይመልሰውም።

ሁለተኛ እግሩን እይ። የቤቱ ዙሪያ መሬት ለፋውንዴሽን ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ነው፣ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ አንድ ጥሩ ዝናብ ሲመታው ቋሚው ይሰምጣል፣ በተለይ ያ የሚወርደው ጓሮህ። ከሥሩ ሰፋ ያለ ጣውላ አድርግ፣ ድንጋይ ደራርቦ ማስተካከል የሚባለውን ነገር ተወው፣ አንዷ ስትንሸራተት ሁሉም ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በመስኮቶቹ በኩል አግዳሚ ከውስጥም ከውጭም እያደረግክ አጥብቀህ እሰረው፣ ከግድግዳው ጋር ያልተያያዘ 8 ሜትር አጠና አጥር እንጂ ስካፎልዲንግ አይባልም።

ከፍታውን በተመለከተ፣ መረማመጃው ከቢሙ አናት ወደ 1 ሜትር ዝቅ ይበል፣ ቋሚዎቹን ግን እዛ ላይ አትቁረጣቸው፣ ከቢሙም አልፈው ይውጡና ከመረማመጃው 1 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አግዳሚ፣ መሃል ላይ ሌላ አንድ፣ ታች እግር ጋ ደግሞ አንዲት ጣውላ በቁሟ ምታ፣ መዶሻ ተንሸራቶ የታች ሰው እንዳይፈነክት። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፈፉ ላይ ነው፣ ወራጁ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው ተዳፋት እንጨት) ከግድግዳው 60 ሳንቲ ወደ ውጭ ወጥቶ ሳለ ጠባብ ስካፎልዲንግ ከሠራህ እንጨቱ ራሱ አግዳሚውን ይገፋዋል፣ ከዛ ልጆቹ «አላሠራን አለ» ብለው አግዳሚውን ይነቅሉታል። ስለዚህ የውጪው ቋሚ ከክፈፉ ማዶ ይቁም፣ መረማመጃው ደግሞ ከግድግዳው ጀምሮ ጥቅጥቅ ይበል፣ በመሃል እግር የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖር።

የድሮ እጅ፦
እናንተ ልጆች ነገር ታበዛላችሁ። እኔ 22 ዓመት ቆርቆሮ መትቻለሁ፣ በኮንጎ ጫማ ወራጅ ላይ እየሄድኩ፣ አንድም ቀን አልወደቅኩም። ልምድ ነው። ለሁለት ቀን ሥራ ይህን ሁሉ አጠና ማን ይገዛል?

ሳይት ላይ የዋለ፦
ጋሼ እርስዎ አልወደቁም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አብረዎት የጀመሩትስ ሁሉም አሉ? አጠናው ደግሞ የትም አይሄድም፣ ለኮርኒሱም ለቀለሙም ያገለግላል።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ ፍሬሚንግ (የቤት የእንጨት አጽም ማቆም) ላይ ነው የምሠራው፣ 6 ዓመቴ። ጠያቂው ወንድሜ «ወደ ውስጥ ነው የወደቀው» ያልከው ነገር ልቤን ነካኝ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስካፎልዲንግ ሲል ውጪውን ብቻ ነው የሚያስበው። እዚህ ሕጉ ከ6 ጫማ በላይ ማለትም ከ1.8 ሜትር ጀምሮ መከላከያ ይኑር ይላል፣ ውጪ ውስጥ አይልም። ድሮ ለመኖሪያ ቤት ሥራ ላላ ያለ መመሪያ ነበረ፣ ኦሻ (የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ) በፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ ሻረው፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ሰው መልመድ ነበረበት፣ መጀመሪያ ሰው ምን ያህል እንደተነጫነጨ ብትሰማ ልክ እንደ ጋሼ ነው 😂

ሀርነሱን በተመለከተ በጣም ተጠንቀቅ። እዚህ ማሰሪያው ለአንድ ሰው 5000 ፓውንድ መቻል አለበት፣ ወደ 2270 ኪሎ ነው፣ ወይ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አስልቶ የሰጠው ነገር ይሁን። ያቆምካት ነገር ግን ገና ያልተደገፈች ያልተያያዘች ትራስ ብትታሰርባት አንተንም ይዛህ ነው የምትመጣው፣ ቀጥሎም እንደ ዶሚኖ ሌሎቹን። ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። 1.8 ሜትር ገመድ አለህ፣ ገመዱ ላይ ያለው ድንጋጤ መቀነሻ ስትወድቅ ሲተረተር ሌላ 1 ሜትር ይጨምራል፣ ከጀርባህ ቀለበት እስከ እግርህ 1.5 ሜትር፣ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምርበት፣ ከ5 ሜትር በላይ ሆነ። እግርህ ሥር ካሰርከው ደግሞ ይብሳል። ከቢሙ እስከ ሶሌታው ስንት ነው? 3 ሜትር? እንግዲህ ሀርነሱ ሳይይዝህ ወለሉን ትመታለህ ማለት ነው። ለብሰህ ነው የምትወድቀው በቃ።

እኛ የምናደርገው ምን መሰለህ፣ ከግድግዳው በውስጥ በኩል ዙሪያውን ዝቅ ያለ መረማመጃ እንሠራለን፣ ትራሱን የሚቀበለው ሰው እሱ ላይ ቆሞ ነው ጫፉን የሚይዘው፣ ግድግዳው ደረቱ ጋ ይመጣለታል፣ ቢም ላይ የሚሄድ ሰው የለም። አንተ ጋ ይሄ በጣም ቀላል ነው፣ ሶሌታ አለህ፣ እግሩ አይሰምጥም፣ አጠናውም አጭር ይበቃዋል። መሃል ላይ ደግሞ የትራሱን አናት ለሚያያይዘው ልጅ ለብቻው አንድ ማማ። የመጀመሪያዋን ትራስ በደንብ ወደ ሶሌታው ደግፋት፣ የቀሩት ሁሉ እሷን ነው የሚይዙት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ግንባታ አላውቅም ግን አንድ ነገር ልበል። ባለቤቱ ይግዙ አይግዙ የሚለው ለብቻው ነው፣ ግን 4ቱን ልጆች ቀጥሮ የሚከፍላቸው አንተ ከሆንክ አሠሪያቸው አንተ ነህ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ ነው። «የቀን ሠራተኛ ናቸው» ማለት አያድንህም። ስለዚህ የእጅ ዋጋህን ስትነጋገር የስካፎልዲንግ ሒሳብ ለብቻው ጽፈህ አስገባ፣ በቃል አትተወው፣ አለበለዚያ ከኪስህ ነው የሚወጣው።

አናጢው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት ለመናገር አሠሪው እኔ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሄጄ ለካሁት፣ ከቢሙ እስከ ሶሌታው 2.90 ነው፣ ሀርነሱን ትቼዋለሁ። ለባለቤቱ የውስጥና የውጪውን ለየብቻ አስልቼ ሰጠኋቸው፣ የውስጡን ወዲያው እሺ አሉ፣ የውጪውን «ጓሮውን ብቻ» አሉኝ፣ የፊቱ ካልተሠራ ልጆቹን አላወጣም አልኳቸው፣ ትንሽ ተኮራርፈን ማታ ደውለው «በል እሺ ግን አጠናው የኔ ነው» አሉ። ይውሰዱት። ነገ ከሰዓት በአይሱዙ ይመጣል።

አንድ የቀረኝ፣ ከግምበኛው ስካፎልዲንግ የሚፈታውን ጣውላ ለመረማመጃ ልጠቀምበት?

ሳይት ላይ የዋለ፦
ሲሚንቶ የበላውን ጣውላ መጀመሪያ በመጥረቢያ ጀርባ አራግፈው፣ ስንጥቁና አንጓው የሚታይህ ከዛ በኋላ ነው። ከዛ ሁለት ጉርድ ላይ አጋድመህ መሬት ላይ እያለህ ሁለት ሰው ይቁምበት፣ ከጮኸ ለማገዶ ስጠው።