ደረሰኝ ከሌለው ሻጭ የገዛነውን እህል እንዴት እናወራርድ?

አራት ኪሎ አካባቢ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክበባችን በእረፍት ሰዓት በቺፕስና በለስላሳ ፋንታ ቆሎ፣ የሽምብራ ንፍሮና በሶ በርካሽ ለማቅረብ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ አገኘ። ድጋፍ ሰጪው ግን ለእያንዳንዱ ግዢ ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል። ገብሱንና ሽምብራውን የምንገዛው ሾላ ገበያ፣ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ነው። ቆሎውን የሚቆሉልን የሰፈር እናቶች ናቸው። አንዳቸውም ደረሰኝ የላቸውም። የሻጮቹን ስምና ፊርማ በወረቀት ይዘን አስገባን፤ ተመለሰብን። ሱፐርማርኬት ደረሰኝ አለ፣ ግን ዋጋው አይቀመስም። ደግሞም ገንዘቡ ለእነዚያ እናቶች እንዲደርስ ከልባችን እንፈልጋለን። ርዕሰ መምህራችን ማህተም ሊያደርጉልን ፈቃደኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ድጋፍ ያወራረዳችሁ፣ በደረሰኝ ፋንታ ምን ዓይነት ሰነድ አቅርባችሁ ተቀበሏችሁ?