40 እንቁላል አስገብቼ 9 ጫጩት ብቻ፣ ጥፋቱ የመብራት ነው ወይስ የኔ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ ግራ ገብቶኛል። ጎንደር ነኝ ማራኪ አካባቢ። ወንድሜ ከፎም ሳጥን፣ ከሁለት አምፖልና ከአሮጌ ኮምፒውተር ፋን ኢንኩቤተር (እንቁላል መፈልፈያ) ሰርቶልኝ ህዳር ላይ 40 እንቁላል አስገባሁ። 30ውን ቅዳሜ ገበያ ከገጠር ከመጡ እናቶች ነው የለቃቀምኩት፣ 10ሩን ደግሞ ሰፈራችን ካለ ሱቅ፣ ትልልቅ ቀያይ እንቁላል ስለሆነ ጓጉቼ። ተርሞስታቱን (ሙቀት መቆጣጠሪያውን) 37.8 ዲግሪ ላይ አርጌ፣ ውሃ በብርጭቆ አስቀምጬ፣ ባንዱ ጎን ኤክስ በሌላው ዜሮ በእርሳስ ጽፌ በቀን 3 ጊዜ በእጄ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። በ7ኛው ቀን ማታ ጋቢ ተከናንቤ በስልኬ ባትሪ ሳያቸው 11ዱ ባዶ ናቸው፣ 3ቱ ጀምረው ሞተው ቀይ ቀለበት ብቻ ነው ያላቸው፣ አወጣኋቸው። የቀሩት 26ቱ ግን የደም ስራቸው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ መሀል ላይ ጥቁሯ ነጥብ ውልብ ውልብ ስትል አይቼ ልጆቼን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ ነው ያሳየኋቸው።

21ኛው ቀን መጣ፣ ምንም የለም። 22 ላይ ከሰአት አንዷ ቅርፊቱን ሰበር አረገች፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ግን ቀዳዳውን ካበጁ በኋላ ዝም አሉ። እኔም አላስችል ብሎኝ ስከፍት ስዘጋ፣ ላንዱ በጥፍሬ ቅርፊቱን ሳነሳለት፣ ማታም ስከፍት… በመጨረሻ 9 ወጡ። 17ቱ ሙሉ ጫጩት ሆነው እዛው ሞቱ። አንዱን ሰብሬ ሳየው ከቅርፊቱ ስር ያለችው ስስ ነጭ ሽፋን ደርቃ እንደ ወረቀት ገላው ላይ ተለጥፋለች፣ ምንቃሩ ቀዳዳው ላይ እንዳለ። አለቀስኩ ብል እንዳትስቁብኝ።

በመሀል መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኛል፣ በ10ኛው ቀን ለ2 ሰአት ተኩል፣ በ16ኛው ቀን ማታ ለ4 ሰአት ያህል። የሰማ ሁሉ መብራቱ ነው የፈጃቸው ይለኛል። እናቴማ «አምፖል እናት ይሆናል እንዴ?» እያለች መሳቂያ አርጋኛለች። እውነት መብራቱ ከሆነ ነገሩን ልተወው ነው።

ባለ ካርቶኑ፦
እህቴ አይዞሽ መብራቱን ለቀቅ አርጊው። እኔ አዘዞ ነኝ፣ መብራት ለ6 ሰአት ጠፍቶብኝ እንኳ ከ30 እንቁላል 21 አውጥቻለሁ። እንቁላል ቶሎ አይበርድም፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ጫጩቱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ዶሮዋስ ብትሆን ልትበላ ስትነሳ ጥላው አይደል የምትሄደው። ሲጠፋ ክዳኑን አለመንካት፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ማረግ፣ ከቆየ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ ከጎን መሸጎጥ ነው፣ መተንፈሻ ቀዳዳው ብቻ እንዳይደፈን።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ለምን 22 ላይ ጀመሩ?? ሙቀት ሲበዛ 19 እና 20 ላይ ይወጣሉ፣ ሲያንስ ይዘገያሉ። ተርሞስታቱ 37.8 ይበል እንጂ ውስጡ 37.8 አልነበረም ባይ ነኝ። ከፋርማሲ የሰው ትኩሳት መለኪያ ግዢና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተርሞስታቱ ሽቦ ጫፍ ጋር አብረሽ ነክረሽ አስተያይው። እንደኔ እንዳትሆኚ፣ እኔ መጀመሪያ «የፈላ ውሃ 100 ነው» ብዬ በፈላ ውሃ ለካሁት፣ 93 አለኝ፣ 7 ዲግሪ ያጎድላል ማለት ነው ብዬ 31 ላይ አርጌ አንድም ሳይፈለፈል 21 ቀን ቁጭ። ለካ ጎንደር ከፍታው ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው ሃሃሃ። ቴርሞሜትሬ ምስኪን ምንም አላጠፋ።

የደንቢያ እናት፦
ልጄ እናትሽ ቀልዳም ብትሆን ልክ ናት። እኔ በዚህ እድሜዬ ማሽን አላውቅም፣ 11 ወይ 13 እንቁላል በከሰል ምልክት አርጌ ጭድ ላይ አስታቅፋታለሁ፣ በክረምት ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ብለን ማጭድ ከጎኗ እናስቀምጥ ነበር፣ እናንተ ትስቃላችሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ታቃፊ ዶሮ ሌላው ቀን እየተነሳች ትበላለች ትጠጣለች፣ ጫጩቶቹ ከውስጥ ድምጥ ማሰማት ሲጀምሩ ግን ጥሬ አፏ ስር ብትበትኚላት እንኳ ንቅንቅ አትልም። ያን ጊዜ ልታይ የመጣ ሰው እጁን ተነክሶ ነው የሚመለስ። አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ስትከፍቺ የዋልሽው።

የእንስሳት ጤና፦
እማማ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት፣ ስራዬ ስለሆነ። ጫጩቱ መጀመሪያ የሚሰብረው ቅርፊቱን አይደለም፣ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ያለውን የአየር ኪስ በስቶ ገብቶ በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል፣ «ጭው ጭው» የምትሰሚው ያኔ ነው። ከዛ ነው ቅርፊቱን ሰበር አርጎ የሚያርፈው፣ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስኪወጣ 12 ሰአት፣ አንዳንዴም 24 ሰአት ይፈጃል። ቆሙ ያልሻቸው አብዛኞቹ እያረፉ ነበር፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዳቸው እየሳቡ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ደም ወደ ገላቸው እየመለሱ። ያኔ ክዳን ሲከፈት እርጥቡ አየር በአንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቅና ሽፋኗ ትደርቃለች፣ ያየሻት «ወረቀት» እሷ ናት፣ እንደ ፋሻ ጠፍራ ስለያዘችው መዞር አልቻለም። በጥፍር መርዳትም ደም ስሩ ገና ካልደረቀ ያደማዋል።

እኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የእንቁላሉ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይወጣል፣ በዛ ላይ ህዳርና ታህሳስ የጎንደር አየር ደረቅ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አይበቃም፣ የሚያስፈልገው ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው፣ ሰፊ ዝርግ ሳህን አርጊ፣ መጨረሻ ላይ ስፖንጅ ጨምሪበት። እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዛ በኋላ ከ65 እስከ 70። የእርጥበት መለኪያሽን ለማመን ጨው በትንሽ ውሃ ለወስ አርገሽ ከመለኪያው ጋር እቃ ውስጥ ግጥም አርገሽ ዝጊና አሳድሪው፣ ጠዋት 75 ማለት አለበት። ሚዛን ያለው ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፣ 40 ግራም የነበረ የሐበሻ እንቁላል በ18ኛው ቀን 35 ግራም ገደማ ከሆነ ልክ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ ደርቋል። (አንድ ወዳጄ ፒያሳ ወርቅ ቤት ወስዶ ሲያስመዝን ባለ ወርቁ አብዷል ብሎት ነበር።) በ18 ማገላበጥ ታቆሚያለሽ፣ ውሃውን ትሞያለሽ፣ ክዳኑን ትዘጊያለሽ፣ አለቀ። የወጡትም ሳይደርቁ አይነሱ፣ የሳቡት አስኳል 2 ቀን ያቆያቸዋል አይራቡም።

ሱቅ ያልሽው ቀዩ እንቁላል የእርባታ ይመስለኛል፣ እዛ አውራ ዶሮ የለም፣ ያልዳበረ እንቁላል ደግሞ 100 ቀን ቢታቀፍም ያው ነው። ባዶ ከሆኑት 11 ውስጥ ስንቱ ቀይ ነበር? ለወጡት 9 ጫጩቶች ደግሞ የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በአይን ጠብታ አስከትቢ፣ ፈንግል ከገባ ኢንኩቤተርም እናትም አያድናቸውም።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አስሩም ቀያዮቹ ናቸው ባዶ የነበሩት!! ባለሱቁ «ምርጥ እንቁላል ነው» ያለኝ ለጥብስ ኖሯል። ትናንት ደግሞ ትኩሳት መለኪያውን ገዝቼ ለካሁ፣ ተርሞስታቱ 37.8 ሲል መለኪያው 36.9 አለኝ። ይሄው ነው እንግዲህ፣ እሱ ዋሸኝ፣ በዛ ምክንያት ዘገዩ፣ ዘገዩ ብዬ ደነገጥኩ፣ ደንግጬ ከፈትኩ። መብራት ኃይልን ስረግም የከረምኩት ለባዶ ነው ለካ (ዛሬም ጠፍቷል፣ ለዛሬው ልርገም)።

ባለ ካርቶኑ፦
ልዩነቱ 0.9 ነው አይደል፣ ፋን ስላለሽ ትክክለኛው 37.5 ይበቃሻል፣ ተርሞስታቱ ላይ 38.4 አርጊው። የገበያ እንቁላል ከሆነ ደግሞ በባጃጅ ተንገጫግጮ ስለሚመጣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አርገሽ አንድ ሌሊት አሳርፊው፣ እና ስትገዢ ከሳምንት ያልበለጠ መሆኑን ጠይቂ፣ እናቶቹ እውነቱን ይነግሩሻል። ደግሞ ውጤቱን ንገሪን እንጂ እንደሌሎቹ ጠፍተሽ እንዳትቀሪ።

የማራኪዋ፦
አልጠፋሁም! 24 የሐበሻ አስገብቻለሁ። እናቴ ነገር ሲያምራት በዛው ቀን 11 እንቁላል ወስዳ የራሷን ዶሮ አስታቀፈች፣ ልጆቼ ለሁለት ተከፍለው ማን ያሸንፋል እየተባባሉ ነው። ዛሬ 18ኛው ቀን ነው፣ 20ው በህይወት አሉ። ውሃ ሞልቼ፣ ስፖንጅ አስገብቼ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በካርቶን ፕላስተር አሸግኩት፣ መተንፈሻዎቹን ብቻ ትቼ። ፕላስተሩንም መቀሱንም ለባሌ ሰጥቼ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ ብዬዋለሁ። ገና አንድ ሰአት ሳይሞላ ሁለቴ ለምኜዋለሁ።